ከ2000 ሜትር በላይ

አጎት በወጣትነታቸው የዲዲቲ ፓምፕ ተሸክመው ምዕራብ ጎጃምን ያዳረሱ የወባ ማጥፊያ ሠራተኛ ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። የእህታቸው ልጅ ጤና መኮንን ናት፤ የምትሠራውም እሳቸው ይረጩት በነበረው አገር ነው። ሰሞኑን ሁለቱን ያከራከራቸው አንድ ስብሰባ ላይ የተነገረ ዓረፍተ ነገር ነው።

አጎት፦ ምን ሲሉ እንደዋሉ ሰማሽ? «ዘንድሮ ወባ የጨመረው በአየር ንብረት ለውጥ ምክንያት ነው» ብለው ቁጭ! ማንም «እንዴት?» አላለም። በእኛ ጊዜ ወባ ከጨመረ አለቃችን የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ያልተረጨው ቤት የማን ነው? ሰማዩን አናማርርም። አሁን መድኃኒት ሲጠፋም አየር ንብረት፣ አጎበር ሳይመጣ ሲቀርም አየር ንብረት።

መኮንኗ፦ ሰበብ ማድረጋቸው እኔንም ያናድደኛል፣ ጋሼ። ግን ሰክሮ መኪና የገለበጠ ሹፌር «መንገዱ ጉድጓድ አለው» ቢል፣ ጉድጓዱ የለም ማለት ነው?

አጎት፦ እሺ፣ ጉድጓዱን አሳዪኝ።

መኮንኗ፦ መጀመሪያ እርስዎ ይንገሩኝ። ለርጭት ስትወጡ እስከ የት ነበር የምትሄዱት?

አጎት፦ እስከ 2000 ሜትር። ካርታው መስመሩ ተሠምሮበት ነው የሚሰጠን። የቡድን መሪያችን ከፍታ መለኪያ ነበረችው፣ በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጥላታል። መርፌዋ 2000 ስትነካ «በቃ፣ ዙሩ» ይላል፤ እኛም ፓምፓችንን አውርደን እንመለሳለን። ከመስመሩ በላይ ያለው ገበሬ «እኛንስ?» ሲለን «እናንተማ ደገኞች፣ ምን አለባችሁ!» እንለዋለን።

መኮንኗ፦ ለምን 2000?

አጎት፦ ብርዱ ነዋ። አያቶቻችን ደጋውን አጨናንቀው ቆላውን የተዉት ሰፊ መሬት ጠልተው ይመስልሻል? ንዳዱን ፈርተው ነው። ለእርሻ ይወርዳሉ፣ ሳይመሽ ሽቅብ ይወጣሉ። አንድ ሰው ካተኮሰው ገና ምኑን እንዳመመው ሳይጠየቅ «የት አድረህ ነበር?» ነው የሚባለው። ቢምቢ ብርድ አትችልም።

መኮንኗ፦ አያቶቻችን ያደረጉት ልክ ነው። ብርዱን ይበልጥ የማይችለው ግን ቢምቢዋ ሆድ ውስጥ ያለው ተሐዋሲ ነው። ቢምቢዋ የታመመ ሰው ደም በጠጣች ዕለት በሽታውን ለሌላ አታስተላልፍም። ተሐዋሲው ሆዷ ውስጥ ተራብቶ፣ አድጎ፣ ምራቋ ድረስ መድረስ አለበት። ይኼ ስንት ቀን እንደሚፈጅ የሚወስነው ሙቀቱ ነው። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ተሐዋሲ አማካይ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ከሆነ 12 ቀን ያህል ይበቃዋል። 20 ዲግሪ ላይ 28 ቀን ይፈልጋል። 18 ላይ 55 ቀን ገደማ። 16 ላይ እድገቱ ቆመ በሉት። ሌላው ዓይነት፣ ቫይቫክስ፣ ከዚህ ትንሽ ዝቅ ያለ ብርድም ይችላል።

አጎት፦ ቢምቢ ሁለት ወር ትኖራለች እንዴ?

መኮንኗ፦ እሱ ላይ ነው ነገሩ። አብዛኞቹ ወር እንኳ አይሞላቸውም። ስለዚህ 18 ዲግሪ ላይ ተሐዋሲው ሳይደርስ ተሸካሚዋ ትሞትበታለች። ሙቀቱ ወደ 20 ከፍ ሲል ዕድሜ የጠገቡት ጥቂቶቹ ይደርሳሉ። ወረርሽኝ ለማስነሳት ደግሞ ጥቂቶቹ ይበቃሉ።

አጎት፦ ሁለት ዲግሪ እኮ ጋቢ አያስወልቅም።

መኮንኗ፦ አያስወልቅም፤ ለዚህም ነው ሰው ልብ የማይለው። እርሳስ ይያዙና አብረን እናስላ። ሽቅብ 100 ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። አገሩ በሙሉ አንድ ዲግሪ ቢሞቅ የድሮውን ብርድ ለማግኘት ስንት ሜትር መውጣት ያስፈልጋል?

አጎት፦ 160... 170 ሜትር።

መኮንኗ፦ አዎ። የብሔራዊ ሜትሮሎጂ ኤጀንሲ በፈረንጆቹ 2007 ባወጣው ሰነድ መሠረት፣ ካለፈው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ወዲህ የአገሪቱ ዝቅተኛ ሙቀት በየአሥር ዓመቱ በአማካይ 0.37 ዲግሪ ያህል ጨምሯል። ዝቅተኛ ሙቀት ማለት የሌሊቱ ነው። ደጋውን ሲጠብቅ የኖረው ደግሞ የሌሊቱ ብርድ ነው። በፈረንጆቹ 2017 የወጣ ሌላ ጥናት የኢትዮጵያን ደጋማ አካባቢዎች የሙቀት መዝገብ ከ1981 ጀምሮ አይቶ፣ ለፋልሲፓረም የሚበቃው ሙቀት የሚገኝበት ከፍታ ከ100 ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣቱን አሳይቷል። የቡድን መሪዎ አንገቱ ላይ ያንጠለጠላት መርፌ ዛሬም 2000 ታሳያለች፤ ያኔ የነበረው አየር ግን አሁን እዚያ የለም።

አጎት፦ ሌሊቱንስ እኔም ታዝቤዋለሁ። በኅዳር ጠዋት ሳሩ ነጭ ይሆን የነበረበት ቦታ ዛሬ በባዶ እግር ይኬድበታል። ቆይ ግን፣ አንድ ነገር ረስተሻል። የምትቆጥሪው የውጭውን ሙቀት ነው። ጠጥታ የጠገበች ቢምቢ ሌሊቱን ሜዳ ላይ አታድርም። ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ትለጠፋለች፣ ጭራዋን ሽቅብ ሰቅላ። ለዚህ አይደል እንዴ ግድግዳ ስንረጭ የኖርነው! የገበሬ ቤት ደግሞ ምድጃው አለ፣ በረቱ ከመደቡ ሥር ነው፣ አሥር ትንፋሽ አለ። ውጭው 16 ቢሆን ውስጡ 16 አይሆንም።

መኮንኗ፦ ልክ ነው፣ በኬንያ ደጋ ቤት ውስጥና ውጭ ለክተው ተመሳሳይ ነገር አግኝተዋል። እንግዲህ ይኼ የእኔን ነገር ያጠነክራል እንጂ አያፈርሰውም፣ ጋሼ። ቤቱ አንድ ሁለት ዲግሪ ከጨመረ፣ ውጭው ደግሞ አንድ ከጨመረ...

አጎት፦ ገባኝ፣ ገባኝ። ግን እኔ በዓይኔ ያየሁትን ልንገርሽ። በ1990 ክረምት ቡሬ ወረዳ ላይ የተነሳውን ወረርሽኝ ሙቀት አላመጣውም። በቆሎ ነው ያመጣው።

መኮንኗ፦ የማካንን መጽሐፍ አነበቡ?

አጎት፦ ማካን ማነው? እኔ የማወራሽ ስለ ጭልፋ ነው። ነጭ ጭልፋ ይሰጠናል፣ እጀታው ረጅም ነው፤ ያቆረ ውሃ ባየን ቁጥር እየጠለቅን እጭ እንቆጥራለን። ዝም ብሎ መጥለቅ አይደለም። ጥላሽ ውሃው ላይ ካረፈ እጮቹ ወደ ታች ይሰምጣሉ፤ ስለዚህ ፀሐይን ፊት ለፊት አድርገሽ፣ ጭልፋውን አጋድመሽ፣ ቀስ ብለሽ ነው። ከዚያ ትጠብቂያለሽ። ጭራውን ውሃው ላይ ሰክቶ ጭንቅላቱን ወደ ታች ያንጠለጠለው ተራ ቢምቢ ነው፣ እሱን ተዪው። ውሃው ላይ ተጋድሞ የሚተኛው የወባ ነው። በዚያ ክረምት ከበቆሎ ማሳ ሥር፣ ከከብት ኮቴ ውስጥ የጠለቅሁት ውሃ ላይ ቢጫ ብናኝ ሰፍፏል። በቆሎው አናቱ ላይ አብቦ ያራገፈው ነው። እጮቹ ወፋፍራም፣ ቶሎ የሚያድጉ። ከጤፍ ማሳ ዳር የጠለቅኋቸው ግን ቀጫጭን፣ ግማሾቹ ሙት።

መኮንኗ፦ እርስዎ በጭልፋ ያዩትን ነው በኋላ በቤተ ሙከራ ያረጋገጡት። እጩ የበቆሎውን ብናኝ ይበላል፤ ይበልጥ በሕይወት ይተርፋል፣ ትልቅ ቢምቢም ይወጣዋል። ጄምስ ማካን የሚባሉ የታሪክ ምሁር የቡሬውን ነገር ከበቆሎ መስፋፋት ጋር አያይዘው ጽፈውበታል። ድሮ ጓሮ ውስጥ ለእሸት የሚተከለው በቆሎ ምርጥ ዘር መጥቶ ማሳ ሙሉ ሆነ፤ የአዲሱ ዘር አበባ ደግሞ ልክ ቢምቢ በምትፈለፈልበት ሰሞን ይደርሳል። ይኼን አልክድም።

አጎት፦ ታዲያ?

መኮንኗ፦ በፈረንጆቹ 1997 እና 98 ብርቱ ኤል ኒኞ ነበር፤ 98 በዓለም ደረጃ እስከዚያ ድረስ ከተመዘገቡት ዓመታት ሁሉ ሞቃቱ ነው። በቆሎው እጩን አደለበው፤ ሙቀቱ ከእጩ የወጣችው ቢምቢ ሆድ ውስጥ ያለውን ተሐዋሲ አፈጠነው።

አጎት፦ ሁለቱም ከሆነ የሙቀቱን ድርሻ በምን ለየሽ? ይኼ እኮ ዝም ብሎ ማስታረቅ ነው።

መኮንኗ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ለዚህ የተሠራውን ልንገርዎ። በደብረ ዘይት ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ከፈረንጆቹ 1993 እስከ 2005 የነበረ የወባ መዝገብ ወስደው፣ ለእያንዳንዱ ዓመት ሕመሙ በየትኛው ከፍታ ላይ እንደተከማቸ አዩ። አሚር ሲራጅና መርሴዲስ ፓስኳል ከሌሎች ጋር ሆነው በ2014 ሳይንስ መጽሔት ላይ አወጡት። ሞቃት በሆነው ዓመት ወባው ሽቅብ ይወጣል፤ ቀዝቀዝ ባለው ዓመት ተመልሶ ይወርዳል። ኮሎምቢያ ተራሮች ላይም እንዲሁ ሆኖ አገኙት። እንግዲህ በቆሎ በሞቃት ዓመት ተራራ ወጥቶ በቀዝቃዛው ዓመት አይወርድም። የመስኖ ቦይም አይወርድም። ሰው ከዓመት ዓመት መንደሩን አይቀይርም።

አጎት፦ ...ይወጣና ይወርዳል?

መኮንኗ፦ ይወጣና ይወርዳል።

አጎት፦ ይቺ ጥሩ ናት። ይቺን ስብሰባው ላይ ቢሏት ኖሮ እኔም አጨበጭብ ነበር።

መኮንኗ፦ የሚቀጥለውን ግን አይወዱትም።

አጎት፦ በይው።

መኮንኗ፦ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ወባ እየቀነሰ መጣ። ያ የሆነው በማን ነው ይላሉ?

አጎት፦ በእኛ ነዋ! በርጭት፣ በአጎበር፣ በኳርቴም።

መኮንኗ፦ ኳርቴም በሰፊው የገባው በፈረንጆቹ 2004 ነው፣ አጎበሩ በገፍ የታደለው ከ2005 በኋላ። በ2021 ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ ላይ የወጣ ጥናት የኦሮሚያን ደጋ የወባ መዝገብ አይቶ፣ መቀነሱ የጀመረው ከዚያ አስቀድሞ፣ 2000 ገደማ መሆኑን አሳይቷል። በእነዚያ ዓመታት የዓለም ሙቀት ጭማሪ ረገብ ብሎ ነበር፤ የወባው ቅነሳም ያንን ተከትሎ ሄደ። ከዚያ ዘመቻው ደረሰና የጀመረውን አፋጠነው።

አጎት፦ እንዲያውም! ልክ በዚያው በቅነሳው ዘመን፣ በ1995 እና 96፣ ስንት ወረዳ ላይ ወረርሽኝ አልወደቀም? እኔ ራሴ ከአልጋ አልጋ ስሸጋሸግ ያደርኩበት ነው! ሙቀቱ ረግቦ ከነበረ ያ ከየት መጣ?

መኮንኗ፦ መጣ፤ የፈረንጆቹ 2003 ወረርሽኝ ትልቅ ነበር፣ አይካድም። ጥናቱ የሚያወራው ስለ ረጅሙ አካሄድ ነው፤ በመካከል አንድ ክፉ ዓመት ሊገባ ይችላል። ደግሞም ሙቀት ሁሉንም ያስረዳል ብዬ አላውቅም።

አጎት፦ ሰው ሌሊት ተነስቶ ያን ሁሉ ኬሚካል ተሸክሞ ተራራ ሲወጣ ኖሮ፣ በስተርጅና «ያቀዘቀዘልህ ሰማዩ ነው» ሲባል... ተዪው። እኔም ካርድ አለኝ። እናቴ በ1951 የሆነውን ስትነግረኝ ነው ያደግሁት። መሰብሰብ ያለበት እህል ማሳ ላይ ረገፈ፤ የሚያጭደው ሰው ተኝቷል። ቀባሪ ጠፍቶ ቤት ላይ ቤት የተዘጋበት ዓመት ነው። ያኔ ምን ፋብሪካ ነበር? ምን ካርቦን?

መኮንኗ፦ ያ ዓመት በዓለም የወባ ታሪክ ውስጥ የሚጠቀስ ነው። የታመመው ሦስት ሚሊዮን ሰው፣ የሞተው 150,000 ይገመታል። ከ1600 እስከ 2150 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ነው የነደደው፤ ከእርስዎ መስመርም አልፏል። ምክንያቱን የመረመሩት ሰዎች ምን አሉ መሰለዎት? ዝናቡ ከወትሮው በዛ፣ ሙቀቱና እርጥበቱም ከወትሮው በለጠ። ማለትም በዚያ ዓመት ደጋው ለጥቂት ወራት ወይና ደጋ ሆነ። ካርቦን ያን ዓመት አላመጣውም። የእኔ ስጋት ያኔ በስንት ጊዜ አንዴ ይመጣ የነበረው ሙቀት ዛሬ የአዘቦት መሆኑ ነው። የወባ ማጥፊያ ድርጅቱ ራሱ የተቋቋመው በዚያው ሰሞን አይደል? እርስዎን የቀጠረዎት አንድ ሞቃት ዓመት ነው።

አጎት፦ (ሳቅ) አንቺ ልጅ ምላስሽ።

መኮንኗ፦ ለምን ያን ያህል ሰው ሞተ የሚለውን እንተወው እንዴ? ለጤና ሰው ዋናው እሱ ነው። ቆላ ተወልዶ ያደገ ሰው በልጅነቱ ደጋግሞ ታሞ የተረፈ ነው፤ ሰውነቱ ለምዶታል። እዚያ የሚሞቱት ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ናቸው። ደገኛ ግን ወባን አያውቅም፤ ሰውነቱም አያውቀውም። ስለዚህ ጎረምሳውም፣ አባወራውም፣ አራሹም እኩል ይወድቃል። አንድ ቤት ውስጥ ሁሉም በአንድ ሳምንት ሲተኛ ውሃ የሚያቀብል አይኖርም። 1951 ላይ ማሳው ላይ የረገፈው እህል እሱ ነው።

አጎት፦ ሐኪሙም አያውቀውም ብለሽ ጨምሪ።

መኮንኗ፦ ከሁሉ የሚያመኝ እሱ ነው። ባለፈው ጥቅምት አንድ ሰው በቃሬዛ አመጡልን፤ አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ከመስመርዎ በላይ ካለ ቀበሌ። ሰባት ቀን አተኩሶታል። መጀመሪያ የሄደበት ቦታ ደም ተመርምሮ «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ተብሎ መድኃኒት ይዞ ተመልሷል፤ የወባ ምርመራ አልተደረገለትም። ለምን ብዬ ስጠይቅ «ደገኛ ነው፣ ቆላም አልወረደም» አሉኝ። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ ሽንቱ ጠቁሯል፣ ሚስቱን አላወቃትም። ጣቱን ወግቼ መመርመሪያዋ ላይ ጠብታ ደም ሳደርግ ሩብ ሰዓት እንኳ አልጠበቀችም፣ መስመሯ ወዲያው ወጣች። አርቴሱኔት በደም ሥሩ ሰጥተን ተረፈ። ከእሱ በፊት የታመመው ወንድሙ ግን ቤቱ ሞቷል፤ እሱንም ታይፎይድ ነው ብለውት ነበር።

አጎት፦ «የት አድረህ ነበር?» አሉት ማለት ነው።

መኮንኗ፦ አዎ። አያቶቻችን ለቆላ መንገደኛ ያወጡት ጥያቄ ነው፤ ዛሬ ሐኪሙን አሳሳተው። ሰውየው እኮ ቤቱ ነበር ያደረው።

አጎት፦ ደጋውም ቢሆን እኮ ዱሮ የነበረው ደጋ አይደለም። እዚያ ሰፈር ከጥቂት ዓመታት በፊት ውሃ ማቆር ተብሎ ስንት ኩሬ ተቆፍሯል። ድርቅ መጣ ብለው ነው የቆፈሩት።

መኮንኗ፦ ይኼም አንዱ ጣጣ ነው። ዝናቡ ስለተዛባ ገበሬው ውሃ መያዝ አለበት፤ ኩሬው ደግሞ ቢምቢ ያሳድጋል። ትግራይ ውስጥ አነስተኛ ግድቦች ሲሠሩ ይኼን ቀድመው ለክተውት ነበር። አሁን የዓለም ጤና ድርጅትን የሚመሩት ቴድሮስ አድሃኖም ከባልደረቦቻቸው ጋር በፈረንጆቹ 1999 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ አወጡት፦ ከግድቡ ሦስት ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚኖሩ ልጆች፣ ራቅ ብለው ከሚኖሩት ይልቅ ሰባት እጥፍ ወባ ይይዛቸዋል። ከፍታው ከ1800 እስከ 2225 ሜትር ነው። ግድቡ ይቅር አላሉም። ግድብ ሲሠራ የጤና ሰው ይኑርበት ነው ያሉት።

አጎት፦ አለበት?

መኮንኗ፦ እዚያ የእኛ ኩሬ ሲቆፈር ማንም አልጠራኝም።

አጎት፦ ከተማ ውስጥም ወባ ገባ ይላሉ። ድሬዳዋ ያለችው ልጄ በርሜል ክደኑ ተብለው ቤት ለቤት ተዞረባቸው።

መኮንኗ፦ የድሬዳዋው ነገር ሌላ ነው። ስቴፈንሲ የምትባል የእስያ ቢምቢ ናት፤ እዚህ አገር በፈረንጆቹ 2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች፣ በ2022 ድሬዳዋ ላይ ወረርሽኝ አስነሳች። የእኛዋ ሜዳ ላይ ያቆረ ውሃ ስትፈልግ ያቺኛዋ በርሜልና የግንባታ ውሃ ይበቃታል። መምጣቷን ሙቀት ላይ አልለጥፍም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ግን በርሜል የሌለው ቤት የለም፤ ድርቁ ሲብስ በርሜሉ ይበዛል።

አጎት፦ እንግዲህ የመጨረሻዬን ልጠይቅሽ። በፈረንጆቹ 2024 ስንት ሰው ታመመ አሉ?

መኮንኗ፦ ከዓመቱ መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር 20 ድረስ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ፤ 1,157 ሰው ሞቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው ነው።

አጎት፦ ከጥቂት ዓመት በፊት እኮ «ወባን እናጠፋለን» ብለው ዓመተ ምሕረት ቆርጠው ነበር። ሙቀቱ በየአሥር ዓመቱ 0.37 ነው ያልሽኝ። ወባው ግን በጥቂት ዓመት ውስጥ እጥፍ ድርብ ሆነ። ይኼን ሁሉ ያቺ 0.37 ተሸከመችው?

መኮንኗ፦ አልተሸከመችም። መንገድ ተዘግቶ መድኃኒት ያልደረሰበት ጤና ኬላ ስንት ነው? ሰው ከቤቱ ተፈናቅሎ ያለ አጎበር ሜዳ ላይ ሲያድር ከርሟል። ቢምቢዋ ኬሚካሉን ለምዳዋለች። አንዳንድ ቦታ ፋልሲፓረሙ ራሱ ተለውጦ ፈጣኑ መመርመሪያ አያየውም። ርጭቱ ቀንሷል። የአንድ ዓመቱን ዝላይ ጠይቀውኝ «ሙቀት ነው» ካልኩ ያው እንደ ስብሰባው ሰውዬ ሆንኩ።

አጎት፦ ታዲያ ከጠዋት ጀምሮ ምን ስትከራከሪኝ ቆየሽ!

መኮንኗ፦ የዘንድሮው ወባ ለምን በዛ ሲሉኝ ሙቀትን መጨረሻ ላይ ነው የምጠራው። የዛሬ አሥር ዓመት ወባ የት ይሆናል ሲሉኝ ግን መጀመሪያ ላይ እጠራዋለሁ። መንገድ ይከፈታል፣ መድኃኒት ይገዛል፣ ሰላም ሲመጣ ሰው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ያቺ 0.37 ግን ወደ ኋላ አትመለስም። ስብሰባው ላይ የተናደድኩበትም እሱ ነው። «አየር ንብረት ነው» ያለ ሰው እኮ ትንበያ ነው የተናገረው። ሽቅብ እየመጣ መሆኑን ካወቀ፣ ከመስመሩ በላይ ላሉት ቀበሌዎች መመርመሪያ ለምን አልጠየቀም? ባሕር ዳር ላይ የሳተላይት የዝናብና የሙቀት መረጃን ከየወረዳው የወባ ሪፖርት ጋር አጋጥሞ ወረርሽኝ የሚተነብይ ሥራ ከዓመታት በፊት ተሞክሮ ነበር፤ ኤፒደሚያ ይሉታል። ማስጠንቀቂያው ከአንድ ሁለት ወር ቀድሞ ቢመጣና መጋዘን ባዶ ቢሆን ምን ይጠቅማል?

አጎት፦ አንቺስ ጠይቀሻል?

መኮንኗ፦ ዕቅዱ እጄ ላይ ነው፤ ዓርብ አስረክባለሁ። ከ2000 በላይ ሦስት ቀበሌ አለ። አጎበር የሚለው ዓምድ ላይ አምና ዜሮ፣ ካቻምና ዜሮ። አሁንም ዜሮ ካልሞላሁ «ወባማ ላልሆነ ቀበሌ ለምን?» ብለው ይመልሱብኛል።

አጎት፦ ሦስቱም አንድ ዓይነት አይደሉም። የላይኛው ገደል ነው፣ ውሃ አይቋጥርም፤ እሱን ለጊዜው ተዪው። የመካከለኛው ግን ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ረግረግ አለው፣ በጋም አይደርቅም። ሦስተኛው ያ ኩሬ የተቆፈረበት ነው። ስንት ቤት ነው ከኩሬው ጎን ያለው?

መኮንኗ፦ ሰማንያ ግድም።

አጎት፦ ለሁለት ሰው አንድ አጎበር ነው? በይ በአምስት ሰው አባዢ፣ ለሁለት አካፍዪ።

መኮንኗ፦ ሁለት መቶ። ማስረጃ ይጠይቁኛል፣ ጋሼ። «በጥናት ታይቷል» ብዬ ደብረ ዘይትን ብጠቅስ አይሰሙኝም። ከዚያው ከኩሬው የተገኘ ነገር ይፈልጋሉ።

አጎት፦ ታዲያ መጥለቅ ነዋ። ዝናቡ ረገብ ሲል፣ ነሐሴ መጨረሻ። ረፋዱ ላይ፣ ፀሐይ ሳትበረታ። ሃያ ቦታ ጠልቀሽ የተጋደመ እጭ ስንት እንደሆነ ትጽፊያለሽ፤ ከረግረጉም ሃያ። ከዚያ ወረቀቱን ከዕቅድሽ ጋር ትሰፊዋለሽ።

መኮንኗ፦ ዕቅዱ ዓርብ ነው የምልዎት፣ እርስዎ ነሐሴ ይሉኛል።

አጎት፦ ሁለት መቶውን አሁን ጻፊ፤ ማስረጃው ይከተላል በያቸው። እጭ ከጠፋ እኔ ራሴ ቢሮ ድረስ መጥቼ አሰርዘዋለሁ።

መኮንኗ፦ ጭልፋስ? መሥሪያ ቤቱ ውስጥ አንድም የለም፤ ፈልጌ አጥቻለሁ።

አጎት፦ እኔ ጋ አለ። ጡረታ ስወጣ ንብረት ሲረከቡኝ ረሱት፣ እኔም አላስታወስኳቸውም። ለማንም እንዳትናገሪ።